ፕሮሲማ ፌርማታ፦ ከልጄ ጋር የመጀመሪያዋ ቀን በሮም

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ብቻውን መንገድ የተሻገረው መቼ ነው? ከግቢ በር እስከ ሰርቪሱ ያለችውን እርምጃ ማለቴ አይደለም። እናንተ በመስኮት ሳታዩት፣ ስልክ ሳትደውሉለት፣ ጠባቂው ሳይከተለው የተሻገረውን እውነተኛ መንገድ ነው የምጠይቃችሁ።

ከ2016 ክረምት በፊት ይህን ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ልጄ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ቁመቱ በልጦኛል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ ጫማው 43 ደርሷል። ነገር ግን ትምህርት ቤት በሰርቪስ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ እኔ አደርሰዋለሁ፣ ከሱቅ የሚፈልገውንም ሌላ ሰው ያመጣለታል። እኔ በእሱ ዕድሜ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሬ ስመላለስ ማንም አልተከተለኝም። እሱን ግን ታክሲ እንኳ ለብቻው አሳፍሬው አላውቅም። በሰው ፊት ሳይቀር «ማሙሽ» እያልኩ እጠራዋለሁ። እሱም በዚያ ስም በተጠራ ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

በዚያ ክረምት ሁለታችን ታላቅ እህቴን ልንጠይቅ ሮም ሄድን። እህቴ እዚያ ከገባች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። ፈቃድ የምታገኘው ከሳምንቱ አጋማሽ በኋላ ስለነበር የመጀመሪያዋን ቀን ለብቻችን እንደምንውል አስቀድማ ነግራናለች። አውሮፕላናችን ሌሊቱን በርሮ ማለዳ ላይ ፊዩሚቺኖ ሲያርፍ መውጫው ላይ ቆማ ጠበቀችን። ተላቅሰን፣ ተሳስመን፣ ሻንጣችንን እየጎተትን ቀጥታ ወደ ባቡሩ ሄድን።

ለምትሄዱ ሰዎች ልንገራችሁ፤ ከፊዩሚቺኖ ወደ ከተማው የሚገቡ ሁለት ዓይነት ባቡሮች አሉ። «ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ» የሚባለው የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ያደርሳችኋል፤ እኛ ስንሄድ ዋጋው ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነበር። ሌላው እየቆመ የሚሄደው የአካባቢ ባቡር ሲሆን ዋጋው 8 ዩሮ ነበር፤ እሱ ግን ቴርሚኒ አይገባም፤ በትራስቴቬሬና በኦስቲየንሴ በኩል አልፎ ይሄዳል። ማረፊያችሁ በየት በኩል እንደሆነ ሳታውቁ በርካሹ ከዘለላችሁ ያተረፋችሁትን ለታክሲ ትከፍላላችሁ። የወረቀት ቲኬት ከያዛችሁ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት መሳፈሪያው አጠገብ ባለችው ትንሽ ማሽን ምቱት። ያልተመታ ቲኬት ቢከፈልበትም ያስቀጣል።

የእህቴ ቤት ሳን ጆቫኒ ከሚባለው ሰፈር ነው። ቤቷ እንደደረስን ቡና አፈላች፤ ጀበናዋ ከአዲስ አበባ ይዛው የሄደችው ነው። እየጠጣን ስለ ቀኑ መመሪያ ትሰጠን ጀመር። ቦርሳ ከፊት ይያዛል። ሻይ ቤት ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት ይረክሳል። በየመንገዱ ዳር ያለማቋረጥ ከሚፈስሱት ትንንሽ ቧንቧዎች ያለ ስጋት መጠጣት ይቻላል። በመጨረሻም እንዲህ አለች፦

«ሜትሮ ላይ ድንገት ከተለያያችሁ፣ ባቡር ውስጥ ያለው በሚቀጥለው ፌርማታ ይውረድና እዚያው ይቁም፤ አንድ እርምጃ አይንቀሳቀስ። የቀረው ደግሞ ቀጣዩን ባቡር ይዞ ይምጣ። በቃ።»

እኔ በዚያ ሰዓት ፓስፖርቶቹን በፕላስቲክ እየጠቀለልኩ ቦርሳዬ ውስጥ እደብቅ ነበር። ልጄ ጆሮው ላይ ኢርፎኑን ሰክቶ ስልኩን ያያል። ሁለታችንም ያዳመጥን አንመስልም ነበር።

እህቴ የ24 ሰዓት ቲኬት ለየራሳችን ገዝታ ሰጠችንና ወደ ሥራዋ ሄደች። እኛም ወደ ሳን ጆቫኒ ጣቢያ ወረድን። አዲሱን የሲ መስመር ክፍል ሳታዩ እንዳታልፉ ብላን ነበር፤ እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው ይህ ክፍል ከባቡር ጣቢያ ይልቅ ሙዚየም ይመስላል። ሲቆፈር የተገኙት የሸክላ ዕቃዎችና የውሃ ቱቦዎች በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ግድግዳው የየትኛው ዘመን አፈር ላይ እንደደረሳችሁ ይነግራችኋል። ሮምን የሚያህል ትልቅ ከተማ የሜትሮ መስመሮቹ ጥቂት የሆኑት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ አካፋ ባረፈበት ሁሉ ጥንታዊ ነገር ይወጣል፣ ሥራው ይቆማል፣ አጥኚዎች ይገባሉ። ልጄ ኢርፎኑን ያወለቀው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ በብርቱካንማው የኤ መስመር ወደ ቴርሚኒ ተሳፈርን። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ከድምፅ ማጉያው የሴት ድምፅ መጣ፦ «ፕሮሲማ ፌርማታ...»

ልጄ ዞር ብሎ አየኝ። «ማሚ፣ ፌርማታ አለች!»

«አዎ፣ ቃሉን የወሰድነው ከእነሱ ነው» አልኩት። ቦርሳ፣ መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ፋብሪካ፣ ጎማ፣ ፍሬን እያልን በጣታችን ስንቆጥር ሁለት ጣቢያ አለፈን። «ፕሮሲማ ታዲያ የሚቀጥለው ማለት ነው» አለ ለራሱ። እኔ ብዙም ልብ አላልኩትም።

ቴርሚኒ ላይ ወጣ ብለን አደባባዩን አየን። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ቦታ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። እነዚህ አምስት መቶዎች እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ከራስ አሉላ ጦር ጋር ገጥመው የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከአደባባዩ ትንሽ ራቅ ብሎ በአንዲት የግብፅ ሐውልት ሥር ቆሟል። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር መንገደኛ ያንን ስም እየጠራ ያልፋል። ከመካከላቸው አሉላን የሚያስብ ስንቱ ይሆን? ለልጄ ስነግረው «ስለዚህ የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ እኛ አለን ማለት ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ደስታዬ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቆየም።

ከኤ መስመር ወደ ሰማያዊው ቢ መስመር የሚወስደው የቴርሚኒ ምድር ቤት ረጅም ነው፤ ደረጃው ወጣ ገባ ይላል፣ ሕዝቡም አይጣል ነው። መሳፈሪያው ላይ ስንደርስ ባቡሩ ቆሟል። ልጄ በረጃጅም እግሮቹ ገባ። እኔ ሰው ሲገፋኝ ቦርሳዬ የተከፈተ መሰለኝና ለአፍታ ጎንበስ ብዬ ዚፑን ጨበጥኩ። ቀና ስል በሩ ተዘጋ።

ልጄ ከመስታወቱ ወዲያ ነው። ፊቱን አየሁት። አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ባቡሩ ሄደ።

እናቶች ይህን ስታነቡ ምን እንደተሰማኝ አስረዱኝ አትሉኝም። መስታወቱን በመዳፌ መታሁት። «ልጄን! ልጄን!» ብዬ ጮህኩ፤ በአማርኛ፣ ሮም ውስጥ። ስልክ የሚሠራው የእኔ ብቻ ነበር፤ የእሱ ዋይፋይ ካላገኘ አይሠራም። የእህቴን አድራሻ በወረቀት አልጻፍኩለትም። ገንዘብ አልሰጠሁትም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር በእኔ ቦርሳ ይዤ ኖሬያለሁ፤ ቦርሳው ደግሞ እኔ ጋ ቀረ።

አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ክንዴን ነካ አድርጎ ወደ ላይ አመለከተኝ። ሰሌዳው የሚቀጥለው ባቡር በአራት ደቂቃ እንደሚመጣ ይናገራል። አራት ጣቱን አሳየኝና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ያቺ አራት ደቂቃ ላይ ነው የእህቴ ቃል ትዝ ያለኝ። እኔ አስታወስኩት፤ እሱስ ሰምቶ ይሆን? ኢርፎን አድርጎ አልነበረም እንዴ? ተሳፍሮ ቢቀጥልስ? ወጥቶ መንገድ ላይ ቢፈልገኝስ?

ባቡሩ መጣ። ከቴርሚኒ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ካቩር ነው፤ ጉዞው ሁለት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ቆሜ በሩ ላይ ተለጥፌ ሄድኩ። መብራቱ ሲታይ፣ መሳፈሪያው ሲጀምር፣ አንድ ሰው፣ ሁለት ሰው፣ ከዚያ ነጭ ቲሸርት። ግድግዳውን ተደግፎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

ልመታው ይሁን ላቅፈው አላወቅኩም። አቀፍኩት።

«ማሚ፣ ሰው ያያል» አለኝ። ቀጥሎ፣ «አክስቴ ያለችውን አልሰማሽም እንዴ? በሚቀጥለው ውረድ፣ አንድ እርምጃ አትንቀሳቀስ። አልተንቀሳቀስኩም።»

እንባዬን ጠርጌ የመጀመሪያው ቃሌ «ወደ ቤት እንመለስ» የሚል ነበር። የምሬን ነው። ሮም በቃችኝ። እህቴ እስክትመጣ በር ዘግተን እንቀመጣለን። እሱ ግን ከግድግዳው ላይ የመስመሩን ካርታ አየና፣ «ፕሮሲማ ፌርማታ ኮሎሴኦ ነው። አንድ ብቻ ነው የቀረን» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ነኝ የምንቀጠቀጠው።

እሺ አልኩ። ነገር ግን መጀመሪያ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ቆመን አንድ ነገር አደረግን። ሃያ ዩሮ ሰጠሁት። የእህቴን አድራሻና የሁለታችንን ስልክ በወረቀት ጽፌ ኪሱ ከተትኩ። ካርታውን አስረከብኩት። ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚመራው እሱ፣ የምከተለው እኔ ሆንኩ።

ከኮሎሴኦ ጣቢያ ስትወጡ ለመዘጋጀት ጊዜ አይሰጣችሁም፤ በሩን እንዳለፋችሁ ኮሎሲየሙ ከፊታችሁ ቆሟል። ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የተጠጋ ግንብ፣ ከሥሩ ደግሞ አይስክሬም የሚልስ ሕፃን። መግቢያ ቲኬት አስቀድመን ስላልያዝን ሰልፉን አይተን ውጪውን ዞረነው ብቻ ተመለስን። እናንተ ግን አስቀድማችሁ ያዙ። ከዚያም እንደገና ባቡር ውስጥ ገብተን አንድ ፌርማታ ሄድን፤ ቺርኮ ማሲሞ።

እዚህ የመጣሁት በምክንያት ነው። ከጣቢያው አጠገብ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት አለ። ሕንፃው መጀመሪያ የታሰበው ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ነበር። ፊት ለፊቱ ባለው የፖርታ ካፔና አደባባይ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር።

ልጄ ዙሪያውን አየ። መኪና፣ ዛፍ፣ ሣር፣ የመስከረም አንዱን የአሜሪካ ጥቃት ሰለባዎች የሚያስታውሱ ሁለት ጥንታዊ አምዶች።

«ታዲያ ምን ልታሳዪኝ ነው? ምንም የለም እኮ!»

«አዎ» አልኩት። «ምንም አለመኖሩን ነው ላሳይህ ያመጣሁህ።»

ነገርኩት። 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት ለሦስት ተከፍሎ በግዙፍ አንቶኖቭ አውሮፕላን በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. አክሱም ሲያርፍ እናቴ፣ የእሱ አያት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ እልል ብላለች። ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ላይ በቦታው ቆሞ ሲመረቅም እንደገና እልል ብላለች። ልጄ ያኔ አልተወለደም። እሱ የሚያውቀው ሐውልቱ ሁልጊዜም አክሱም እንደነበረ ነው።

ሌላም ነገር ነገርኩት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በዚህ ቦታ አልፏል። ማታ ነበር፤ በመንገዱ ዳር ችቦ ይበራል፤ እሱ ባዶ እግሩን ነው። ከጎኑ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም አለ። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የመጨረሻውን ፍጥነት ከዚህ ሐውልት አካባቢ ለመጀመር አስቀድመው መክረው እንደነበር ይነገራል። ከዚህ ተነስቶ ቀጥታ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ ሞሮኳዊው በሃያ አምስት ሰከንድ ቀርቷል።

«ቅስቱ የቱ ነው?» አለ ልጄ።

«ቅድም ኮሎሲየሙ አጠገብ ያየነው ነዋ። በዚህ መንገድ ቀጥታ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።»

ዝም አለ። መንገዱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ማሚ፣ እኔ በዚህ ልሩጥ፤ አንቺ በባቡር ነይ። አንድ ፌርማታ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ እናያለን።»

ከሁለት ሰዓት በፊት የመሰለኝን አስታወስኩ። «አይሆንም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ነው የኖረው። ነገር ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ጠዋት በሩ ሲዘጋ ማን ነበር ማድረግ ያለበትን ያወቀው? እኔ መስታወት ስደበድብ እሱ መመሪያውን እየፈጸመ ነበር። ታዲያ የምከለክለው ምኑን አይቼ ነው?

«ቅስቱ ፊት ለፊት ትቆማለህ» አልኩት። «አንድ እርምጃ አትንቀሳቀስም።»

«አንድ እርምጃ አልንቀሳቀስም። ጫማዬንስ ላውልቅ?»

«ጫማህን አታወልቅም!»

እየሳቀ ሄደ። በሐምሌ ፀሐይ ነጩ ቲሸርቱ በዛፎቹ ጥላ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲል አየሁት፤ ከዚያ የቱሪስት ቡድን ጋረደው፣ አጣሁት። ቁልቁል ወደ ጣቢያው ወረድኩ። ባቡሩ ዘገየ። ወንበር ነበር፤ አልተቀመጥኩም። «ፕሮሲማ ፌርማታ» ስትል ከሴትየዋ ጋር አብሬ አልኩት።

ከኮሎሴኦ ወጥቼ በሰው መሐል እየተጋፋሁ ቅስቱ ጋ ስደርስ፣ ልጄ አጥሩ አጠገብ ቆሟል። ላቡ በጀርባው ወርዷል፤ ፊቱ ቀልቷል።

«ሁለተኛ ወጥተሻል» አለኝ። «አንቺ የሞሮኮው ሯጭ ነሽ።»

ማታ እህቴ ከሥራ ወጥታ ቴርሚኒ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ወሰደችን። የጠዋቱን ጉድ እኔ ጀምሬ እሱ ጨረሰው፤ ጩኸቴን ሳይቀር በደንብ አድርጎ አስመሰለው። እህቴ ስቃ ስቃ፣ «አንተስ ፈራህ?» አለችው።

እንጀራውን እየቆረሰ፣ «በጣም» አላት። «እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለዚያ ነው ግድግዳውን የተደገፍኩት። ግን ማሚ ከባቡሩ ስትወርድ አየኋት። እኔም ከፈራሁ ማን ወደ ኮሎሲየሙ ይወስደናል?»

ሳቁ ከእኔ ላይ ጠፋ። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። እኔ ልጄ ፍርሃት እንዳያውቅ የጠበቅኩት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ፍርሃቱን ከእኔ መደበቅን ተምሮ ኖሯል፤ ምክንያቱም የእኔ ሁልጊዜ ከእሱ ይበልጣል። ስንት ነገር እንዲህ ደብቆኝ ይሆን? ትምህርት ቤት የገጠመውን፣ ያሳፈረውን፣ ያልቻለውን ስንቱን «ማሚ ትደነግጣለች» ብሎ ትቶት ይሆን? እናንተስ ቤት?

እህቴ አጎረሰችውና፣ «ጎበዝ፤ እኔ እዚህ አገር ስገባ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም» አለች። በዚያው ወሬ ለወጠች። እኔም ያን ዕለት አልጠየቅኳትም፤ በሳምንቱ መጨረሻ ግን ቁጭ ብለን ሙሉውን ሰማሁ። ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ከሮም ከተመለስን በኋላ በአንድ ሌሊት ሌላ እናት ሆንኩ አልላችሁም። አሁንም እደውላለሁ፣ አሁንም በመስኮት አያለሁ። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ከመገናኛ በከተማው ባቡር ተሳፍሮ ልደታ አያቱ ጋ ለብቻው ይሄዳል። እናቴ ሰዓቱን እያየች በር ላይ ትጠብቀዋለች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስልኬን ጨብጬ ሳሎን ውስጥ ስመላለስ ቆየሁ። ሲደርስ የላከልኝ መልእክት «ደረስኩ፤ አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀስኩም» ይላል። «ማሙሽ ጎበዝ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። በስሙ ጠርቼ መለስኩለት።

እናንተም በዚህ ክረምት ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ሮም ብትሄዱ፣ ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ መርካቶ እንኳ ብትወጡ፣ ከቤት ሳትወጡ ስለሚቀጥለው ፌርማታ ተስማሙ። አድራሻውን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ክተቱ፤ ጥቂት ገንዘብም ጨምሩበት። ማታ ራት ላይ ደግሞ «ፈርተህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ስትሰሙ ግን፣ እባካችሁ፣ አትደንግጡ።